ስንቴ ታርፊያለሽ?

ለምወድህ ወንድማለም ኒቆዲሞስ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ሞተር ስታነሣ የተቀጨው ወገብህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዘህ ነው የምትነሣው? የካርቱም ሙቀት ከወዲሁ ጀመረ ይላሉ፤ ውሃ ትጠጣለህ? ጥላ ሥር ትሠራለህ? ጾሙንስ እንዴት ያዝከው? እማዬ «በሰው አገር ብረት የሚታገል ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባይቆይ እግዜር አይቀየመውም ብለሽ ጻፊለት» ብላኛለች። አባባ ይህን ሲሰማ ጉሮሮውን ጠረገ እንጂ አልተቃወመም፤ ስለዚህ ሁለቱም የፈቀዱልህ አድርገህ ቁጠረው።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የእማዬ ስኳር ከገና ወዲህ ልክ ገብቷል፣ እግሯም እብጠቱ ጎድሏል። አባባ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የግቢውን በር ሦስተኛ ጊዜ ቀለም ቀብቶታል፤ አሁን አረንጓዴ ነው። እኔም ሰውነቴ ደኅና ነው። ልቤ ግን መቀመጫ አጥቷል። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ እንኳ ሦስቴ ተቀምጬ ሦስቴ ተነሥቻለሁ፤ አንዴ ውሃ ልጠጣ፣ አንዴ በሩ የተንኳኳ መስሎኝ፣ አንዴም እንዲያው ያለ ምክንያት። አብሮህ የሚኖረው ለማ የእናቱን ተዝካር አውጥቶ ማክሰኞ ወደ አንተ ስለሚመለስ፣ ዛሬ ካልጨረስኩት የሚያደርስልኝ አላገኝም።

ባለፈው በስልክ «ከሱቁ ለምን ወጣሽ?» ብለህ ስትጠይቀኝ «እንዲያው ሰለቸኝ» አልኩህ። አንተም አላመንከኝም። «በስልክ ድምፅሽ ይሸሽብኛል፤ የሆነውን ሁሉ ጽፈሽ ላኪልኝ» አልከኝ። እነሆ የሆነውን ልንገርህ። እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትፈርድብኝ፤ ካነበብክ በኋላ ግን ብትፈርድብኝ አልቀየምም።

በላክህልኝ ላፕቶፕ የጻፍኩትን ፕሮግራም ስሙን ታውቃለህ፤ «የቱ ይሻላል» ነው። ሲሠራ ግን አይተኸው አታውቅም። ሰው ዕቃ ሊገዛ ሱቅ ሲገባ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይዘሃል?» ብሎ አይደል? የእኔ ፕሮግራም የሚጠይቀው ስለ ኑሮው ነው። ውሃው ምንጭ ነው ወይስ ጉድጓድ? ማሳው ምን ያህል ነው? ሞተሩ እዚያው ያድራል ወይስ ማታ ቤት ይገባል? የሚሸከመው ማነው? ሲበላሽ የሚጠግን ሰው በቅርብ አለ? ከዚያ «ከእነዚህ የማትለቀው የቱን ነው? ይቅርብኝ የምትለውስ?» ይላል። መልሱን ይዞ በሱቁ ካሉት አሥራ አራት ዓይነት የውሃ ፓምፖች ሦስቱን ብቻ ያወጣና ከያንዳንዱ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። «ይህን ብትወስድ በቀን ሁለት ሊትር ቤንዚን ይተርፍሃል፤ ግን ብቻህን አታነሣውም» እንደማለት። ገዢው «አይ፣ ቀለል ያለ ይሁንልኝ» ካለ፣ ቀለል ያለውን ያመጣና በምትኩ ምን እንደሚቀርበት ይነግረዋል። ሁሉ የሞላለት ዕቃ የለም፤ ሰው የሚመርጠው የትኛውን ጉድለት ችሎ እንደሚኖር ነው።

ሸዋ በር አጠገብ ያለው የጋሽ እንደሻው የፓምፕና የወፍጮ ሱቅ የጀመርኩት በዚህ ነው። ጋሽ እንደሻውን ታስታውሳቸዋለህ፣ የአባባ የማኅበር ጓደኛ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ሥራው ጣፋጭ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መጥተው «ትልቁን ስጡኝ» ብለው ሞገቱን። ፕሮግራሙ «ማታ ማን ተሸክሞ ያስገባዋል?» ሲላቸው ብዙ አሰቡና «ልጆቼ ድሬዳዋ ናቸው፤ ያለነው እኔና አህያዬ ነን» አሉ። አነስ ያለውን ወስደው ሲወጡ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ላፕቶፑን እንደ ሰው ተሰናበቱት። ያን ቀን ቤት የገባሁት እየዘለልኩ ነው፤ እማዬ «ምን አገኘሽ?» ብላኝ ነበር።

ከጥያቄዎቹ አንዱ «ከውሃው እስከ ማሳው ሽቅብ ስንት ሜትር ነው?» የሚል ነበር። ለአንተ ለባለሙያው ይህን ማስረዳት አይገባኝም፤ ፓምፕ ሽቅብ መግፋት ካልቻለ ጩኸት ብቻ ነው። ነገር ግን የሚያስቸግረኝ ይኸው ጥያቄ ሆነ። ገበሬው መንገዱን በእግሩ ያውቀዋል እንጂ ከፍታውን በሜትር ለክቶት አያውቅም። አንዱ «መቶ» ይላል፣ ሌላው «አምስት»፣ ሌላው «ሄጄ ጠይቄ ልምጣ» ብሎ ይወጣና በዚያው ይቀራል። ጋሽ እንደሻው ይህን ሲያዩ ከረሙና አንድ ጠዋት «አቦ፣ ይህችን ጥያቄ አንሺልኝ! ገበያዬን አባረረችብኝ እኮ» አሉኝ። መጋዘናቸው ውስጥ ደግሞ ያልተሸጠ ቀይ ፓምፕ እስከ ጣሪያው ተከምሮ ነበር፤ ቀላል፣ ርካሽ፣ ቤንዚን የማይበላ፣ ሽቅብ ግን የማይገፋ።

እኔም አነሣሁት። በዱላ አላስገደዱኝም። ሰው ጥያቄው ላይ ሲቆም፣ ሲያፍር፣ ሲወጣ ማየት እኔንም ሰልችቶኝ ነበር። ስሌቱ እንዳይጎድል ብዬ በጥያቄው ፈንታ «አሥራ አምስት ሜትር» የሚል ቁጥር ለሁሉም ከውስጥ ሰጠሁት። ማንም አያየውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀዩ ፓምፕ ከሦስቱ አንዱ ሳይሆን የቀረበት ቀን የለም። ከሥሩም «ግን ሽቅብ ብዙ አይገፋም» የሚለው ቃል ጠፋ። ፕሮግራሙ ዳገት የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ረሳ፤ ያስረሳሁት እኔ ነኝ።

ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ዓሊዪ የሚባል ገበሬ ከሚስቱ ከሐዋ ጋር መጣ። ከኤረር ሸለቆ በኩል ናቸው። ቀይ ሽንኩርት ሊተክሉ ለፓምፑ ብለው የምትታለብ ላማቸውን ሸጠዋል። ዓሊዪ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ፣ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ፣ እያሰበ መለሰ። እንደተለመደው ቀዩ ወጣ። ሐዋ ሥዕሉን ጎንበስ ብላ አየችና በኦሮምኛ «ውሃው እኮ ከእኛ በታች ነው፤ በጣም በታች» አለችኝ።

ሰማኋት። ኦሮምኛውን አልሰማሁም እንዳልልህ እኔና አንተ ከልጅነታችን ጀምሮ የተጣላንበትም የታረቅንበትም ቋንቋ ነው። ነገር ግን ያለችውን የማስገባበት ቦታ አልነበረኝም፤ ቦታውን ራሴ ዘግቼዋለሁ። በሩ ላይ አራት ሰው ይጠብቃል። ጋሽ እንደሻው ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዳ አስቀምጠው «ይኸውልህ የእኛ ልጅ የሠራችው» እያሉ ያሳያሉ። ዞር ብዬ «ግድ የለም፣ ይገፋዋል» አልኳት። ወንድማለም፣ ይህን ፕሮግራሙ አይደለም ያለው። እኔ በገዛ አፌ ነው ያልኩት።

ጥር አጋማሽ ላይ ዓሊዪ ብቻውን ተመልሶ መጣ። መለዋወጫ ፈልጎ መስሎኝ ነበር። ተራውን ጠብቆ፣ ያን ቀን በተቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀመጠና «እህቴ፣ እስቲ እንደገና ጠይቂኝ» አለ። ምን ልጠይቅህ ስለው፣ «ወላሂ ያን ቀን የዋሸሁት ነገር የለም። ግን አንዱን ጥያቄ አሳስቼ የመለስኩት ይመስለኛል። ሞተሩ ውሃውን መንገድ ያጋምስና ይተወዋል። የቱን እንዳሳሳትኩ ኮምፒውተሩን ጠይቂልኝ፤ ለሌላ ጊዜ እንዳውቀው» አለኝ።

አልጮኸብኝም። አልሰደበኝም። ጥፋቱ የራሱ መስሎት፣ ያጠፋውን ሊማር ሰባት ሰዓት ሙሉ በእግርና በመኪና መጥቷል። ማሳውን ስጠይቀው ላይኛው ግማሽ ደርቋል አለኝ። ሐዋስ ስለው፣ ውሃ በጄሪካን ስታመላልስ ዳገቱ ላይ ወድቃ ቀኝ እጇ መሰበሩን፣ ወጌሻም እንዳሰረላት ነገረኝ።

ሱቁ ሰው ሞልቶበት ነበር። «አንተ አላሳሳትክም። ጥያቄው ራሱ አልነበረም። ያነሣሁት እኔ ነኝ» አልኩት። ዓሊዪ ትንሽ አየኝና «ለምን?» አለ። 

ጋሽ እንደሻው ወደ ጓዳው ጠሩኝ። ጥያቄው ዛሬውኑ ይመለስ፣ ያለ ጥያቄው የገዙትን ሰዎችም ጠርተን እንንገራቸው አልኳቸው። ለዋስትና ወረቀት ስማቸውና ቀበሌያቸው ስለተመዘገበ ቆጥሬያቸው ነበር፤ ቀዩን የወሰዱት ሃያ ሦስት ናቸው። እሳቸውም «አንቺ ልጅ፣ እኔ ሱቅ ነው የከፈትኩት እንጂ የንስሐ ቤት አይደለም። መጀመሪያ ይህ ክምር ይውጣልኝ፤ ከዚያ እንደ ፍጥርጥርሽ» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ታውቃቸዋለህ፤ እማዬ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ በየቀኑ የመጡ ሰው ናቸው። ስለዚህ ነው የከበደኝ። ላፕቶፔን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ።

ወጥቼ ቤት መግባት አቃተኝ። የጀጎልን ግንብ በውጭ በውጭ ይዤ ዞርኩት፤ በአምስቱም በሮች አለፍኩ፤ ስጨርስ ደግሜ ዞርኩት። ሁለተኛውን ዙር ስጀምር ኤረር በር ላይ ስፌት የምትሰፋ አንዲት ሴትዮ «ምን ጠፋብሽ ልጄ?» አለችኝ። ምንም አልኳት። ቤት ስገባ አባባ ወሬውን ቀድሞኝ ሰምቶ ነበርና ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ። አምስት ቀን አላናገረኝም። በስድስተኛው ቀን ያለኝም የባንክ ቤት የሥራ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ከቦ «ይኸው» ብቻ ነው።

በማግስቱ ግን ከጎረቤታችን ግንበኛ ውሃ ልክና ገመድ ተውሼ ወደ ዓሊዪ ቤት ሄድኩ። መኪናው እስከሚደርስበት ሄጄ ቀሪውን በእግሬ ወረድኩ። ሐዋ እጇን በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ደጃፍ ተቀምጣለች። ሰላም ስላት ወደ ሸለቆው እያየች «ነግሬሽ ነበር» አለችኝ።  «አዎ፣ ነግረሽኛል» አልኳት። 

እኔና ዓሊዪ ገመዱን እየወጠርን፣ በእንጨት እየለካን፣ ከምንጩ እስከ ላይኛው ማሳ ወጣን። ሃያ ሰባት ሜትር ሆነ። ቀዩ ፓምፕ ወረቀቱ ላይ ሃያ ቢልም አሥራ ሰባት ላይ ነው የሚተነፍሰው። ጋሽ እንደሻው ኋላ ላይ ከበድ ባለው ሊቀይሩለት ፈቅደው ነበር፤ ልዩነቱን ግን እሱ ይጨምር አሉ። እሱ ደግሞ የሚሸጥ ሌላ ላም የለውም። ምንጩ አጠገብ ቁጭ ብለን ዳገቱን ስናየው ዓሊዪ ራሱ «እስከ መሃል ይወጣል አይደል? ከመሃል እንደገና ቢነሣስ?» አለ። ፓምፑ ቀላል ነው፤ ሁለት ሰው ያነሣዋል። እናም ዳገቱ ወገብ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ወፍራም ላስቲክ ተነጠፈበት። ጠዋት ከምንጩ ጉድጓዱን ይሞሉታል፤ ከዚያ ፓምፑን ተሸክመው ወደዚያ ያወጡትና ከጉድጓዱ ወደ ላይኛው ማሳ ይገፋሉ። አራት ቀን አብሬ ቆፈርኩ። እጄ እንዴት እንደተላጠ ብታይ፣ አሁን ብዕር ስይዝ ራሱ ይቆረቁረኛል።

በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል፣ እረፍት ላይ ሆነን ዓሊዪን «በሜትር ባልጠይቅህ ኖሮ ምን ብዬ ብጠይቅህ ትመልስልኝ ነበር?» አልኩት። እሱም «እ… ከዛፉ ይበልጣል፣ ከመስጊዱ ሚናራም ይበልጣል…» እያለ ሲያስብ፣ ሐዋ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ ተቆጣች። «እሱን ምን ትጠይቂዋለሽ? ውሃ የሚቀዳው እሱ ነው? እኔን ጠይቂኝ! ጄሪካን ተሸክሜ ከዚያ እስከዚህ አራቴ አርፋለሁ። የዛሬ ዓመትም አራቴ ነው፣ የዛሬ አሥር ዓመትም አራቴ ነበር። ‹ስንቴ ታርፊያለሽ?› ብትዪኝ ያን ቀን እነግርሽ ነበር» አለች።

ወንድማለም፣ አካፋዬን ጥዬ ተነሣሁ። ማረፊያዎቿን አንድ በአንድ አሳየችኝ፤ አንደኛዋ ከቁልቋሉ ሥር፣ ሁለተኛዋ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ፣ እንዲህ እያለች። እኔ ገመዱን እየያዝኩ ለካሁ። ከአንዱ እረፍት እስከ ሌላው አምስት ሜትር ተኩል ያህል ሽቅብ ነው፤ አንዱ ትንሽ ሲበልጥ አንዱ ትንሽ ይጎድላል። የትምህርት ቤት ሜትር አይደለም፣ አውቃለሁ። ቀዩን ከከባዱ ለመለየት ግን ይበቃል። እኔ ገበሬው ከፍታ አያውቅም ብዬ ነበር። የሚያውቁት ለካ ሴቶቹ ናቸው፤ አንዳቸውንም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ አልተቀመጥኩም። ስም ዝርዝሩን ይዤ ሃያ ሦስቱን እየፈለግኩ ነው። አንዳንዱ ስልኩ አይሠራም፤ ቀበሌው ድረስ ሄጄ «ቀይ ሞተር የገዛ ሰው» እያልኩ እጠይቃለሁ። እስከ ዛሬ አሥራ አንዱን አግኝቻለሁ። በያንዳንዱ ቤት መጀመሪያ የምፈልገው ውሃ የምትቀዳውን ሴት ነው። ናፊያ የምትባል አንዲት ጉልበተኛ እናት «ማረፍ? ሜዳ ላይ ምን ያሳርፈኛል?» ብላ ስቃ ስቃ ከጓሮዋ ዘይቱን ቆርጣ ነጠላዬን ሞላችልኝ፤ ፓምፗም እንደ ፈረስ ይሮጣል። አራቱ ግን እንደ ዓሊዪ ናቸው። አንደኛው ፓምፑን በግማሽ ዋጋ ሸጦታል። ሌላው ገና ከበሩ ስሜን ስነግረው ውሻውን ፈታብኝ፤ እውነቱን ነው። ቀሚሴን ቀደደው እንጂ አልነከሰኝም፤ ለእማዬ ሽቦ ቀደደው ብያታለሁና በስልክ እንዳትነግራት።

አሁን የምጠይቅህ የሙያ ነገር አለ፤ ይህን በደንብ አስበህ መልስልኝ። ከአራቱ ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሁለቱም ያንኑ ቀይ ፓምፕ ይዘው ተቀምጠዋል። አንዱን ከምንጩ፣ ሁለተኛውን ዳገቱ መሃል አድርገን፣ የመጀመሪያው የገፋውን ቱቦ በቀጥታ ሁለተኛው ውስጥ ብንሰካው ጉልበታቸው ይደመራል ብዬ አስባለሁ። ጉድጓድ መቆፈርም ይቀራል። ግን የሁለተኛው አካል ግፊቱን ይችላል? ቱቦውስ አይፈነዳም? ዳግመኛ «ግድ የለም፣ ይገፋዋል» ከምል ምላሴ ይቆረጥ። አንተ እርግጠኛ ሳትሆን አልነካቸውም።

የአባባን ነገር ልንገርህ። የየካቲት ማኅበር ላይ ጋሽ እንደሻው ባሉበት ጠበሉ ከተጠጣ በኋላ ተነሥቶ «ልጄ ጥፋቷን ሰው በተሰበሰበበት ተናግራለች። እኔ መጀመሪያ አፈርኩ፤ አሁን ግን የማፍረው ዝም በማለቴ ነው» አለ ብለው የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። እሱ ግን በሁለተኛው ቀን ያን የባንክ ማስታወቂያ ያለበትን ጋዜጣ ከጠረጴዛው አንሥቶ በሩን ሲቀባ ከሥር አነጠፈው። ጋሽ እንደሻውም ካገኘኋቸው ውስጥ ገና ካልተጠቀሙበት ሦስት ሰዎች ቀዩን ተቀብለው ገንዘባቸውን መለሱ። ቀሪውን ክምር ዛሬም ይሸጣሉ፤ አሁን ግን «ለሜዳ ነው» ብለው እንደሆነ ሰምቻለሁ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ስንገናኝ ባርኔጣቸውን ነክተው ያልፋሉ፤ አይቆሙም። እኔም መቆም እፈልግና አልቆምም።

እኔ ደግሞ በገበያ ቀን ሸዋ በር ከሚኒባሶቹ መቆሚያ ወረድ ብሎ፣ ከአንዲት ሻይ ሻጭ ዳስ ሥር ላፕቶፔን ይዤ እቀመጣለሁ። ሰው ሱቅ ከመግባቱ በፊት ይመጣል። ጥያቄዎቹ ሁሉ ተለውጠዋል። «ሚስትህ አብራ መጥታለች?» ብዬ እጀምራለሁ፤ ካልመጣች ደውልላት እላለሁ። ከያንዳንዱ ፓምፕ ሥርም ያልተጠየቀ ነገር ካለ «ይህን አላውቅም» ብሎ እንዲጽፍ አድርጌዋለሁ። ከዚህ የሚገኘው እንጀራ እስከ መቼ እንደሚያኖረኝ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ማንም አይመጣም፤ ያን ጊዜ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ብቻውን ይርገበገባል፤ ሻይ ሻጯ «ብርጭቆዬን ልትሰብሪው ነው» ትለኛለች።

ባለፈው ሐሙስ የዓሊዪ ሽንኩርት ተነቅሎ ሄጄ አገዝኳቸው። ግማሹ ነው የደረሰው፤ ላይኛው ማሳ ውሃው ዘግይቶ ስለደረሰለት እንደ ነጭ ሽንኩርት ትንንሽ ሆኖ ቀርቷል። ዓሊዪ «አልሐምዱሊላህ፣ ለከርሞ ዘርና ለቤት ይበቃል» አለ። ሐዋ በግራ እጇ ትነቅላለች። ቀኙ ታስሮ ተፈትቷል፤ ጣቶቿ ግን ገና በደንብ አይጨብጡም። አብረን በአንድ መደዳ ብዙ ነቀልን። ቀኑን ሙሉ አፌ ላይ የነበረውን መደዳው ሊያልቅ ሲል ተናገርኩት። ይቅር ብለሽኛል ወይ አልኳት።

ሐዋ ሽንኩርቱን አራግፋ ከረጢቱ ላይ ጣለችና «ገና ነው» አለች። «እጄ ውሃ ሲያነሣ ያን ጊዜ እናያለን። ዋሽቼ አልልሽም።» ቀጥላ ቀጣዩን መደዳ ጀመረች። ትንሽ ሄድ ብላ ዞረችና «ግን የሚመጣው ሐሙስ ነይ፤ ጎረቤቴ ሞተር ልትገዛ ነው። ኮምፒውተርሽን ያዢ። የምጠይቃት ግን እኔ ነኝ» አለችኝ።

እሄዳለሁ። ከዚያ አሥራ ሁለተኛውን ሰው ፍለጋ ወደ ባቢሌ መንገድ እሻገራለሁ።

እማዬ ገላነሽ ዓይንህን ትስማለች፤ ለማ በያዘው ፌስታል ውስጥ ሽሮና በርበሬ አለ፤ በርበሬው በግራ በኩል ያለው ነውና እንዳትሳሳት። አባባ «ወገቡን በጋለ ጨው ይታሽ» ብሏል። የአባባ ሰላምታው ይኸው ነው፣ ታውቀዋለህ። ለአሠሪህ ለአሕመድና ለቤተሰቡ አክብሮቴን አድርስልኝ። ለለማ እዚህ ያልነገርኩትን ምስጋና እዚያ ስትገናኙ ንገርልኝ፤ ለእናቱ ነፍስ ይማር። ለአንተም ጤናውን፣ ጥላውንና ቀዝቃዛ ውሃውን አያሳጣህ። የሁለቱን ፓምፖች ነገር ግን ደብዳቤ አትጠብቅበት፤ ደውልልኝ።

እህትህ ሥርጉት ኪዳነወልድ
ሐረር፣ መጋቢት 17 ቀን 2009 ዓ.ም.